የቤተሰብ ጉዳይ የፍርድ ቤት መዝገብን ፈልጎ ማግኘትና ግልባጭ ማውጣት፤ ከሀ እስከ ፐ

የፍቺ ውሳኔ የሚፈለገው ሁልጊዜ በጭንቅ ሰዓት ነው። ቪዛ ሲጠየቅ፣ ቤት ሲሸጥ፣ አዲስ ጋብቻ ሲመዘገብ፣ ወይም አባት ሞቶ ወራሽ ሲጣራ። ያኔ ቁም ሳጥኑ ይበረበራል፣ ሻንጣው ይገለበጣል፣ ወረቀቱ ግን የለም። አንዳንዱ ጭራሽ ወስዶት አያውቅም። ዳኛው ውሳኔውን ሲያነቡ ሰምቶ፣ "ተገላገልኩ" ብሎ ወጥቶ፣ በዚያው ቀርቷል።

ከዚያ ሰው ምን ያደርጋል? ልደታ ፍርድ ቤት ይሄድና መስኮት ላይ ቆሞ "ከ15 ዓመት በፊት ተፋትቼ ነበር" ይላል። መልሱ አንድ ነው፤ "መዝገብ ቁጥሩን ያምጡ።"

ስለዚህ ይሄ መመሪያ በአብዛኛው ስለ ቁጥሩ ነው። የመዝገብ ቁጥርና ትክክለኛው ፍርድ ቤት በእጃችሁ ካሉ ቀሪው ማመልከቻ፣ ክፍያና ትዕግሥት ነው። ከሌሉ ግን ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ የምትሠሩት የቤት ሥራ አለ። ዋናው ትኩረቴ አዲስ አበባ ነው፤ ክልሎችንና ውጭ አገር ያላችሁትንም በየቦታው አነሳለሁ።

መጀመሪያ፤ የትኛው ፍርድ ቤት?

"ቤተሰብ ፍርድ ቤት" የሚባል ራሱን የቻለ አንድ ሕንፃ የለንም። የቤተሰብ ጉዳይ በተለያዩ ፍርድ ቤቶች ይታያል፤ አንዱ ጋ ያለ መዝገብ ደግሞ ሌላው ጋ አይገኝም። ብዙ ሰው የሚንከራተተው እዚህ ላይ ነው።

በአዲስ አበባ ፍቺ፣ የባልና ሚስት ንብረት ክፍፍል፣ የልጅ አያያዝና ቀለብ፣ የአባትነት ክርክር የሚታየው በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው። ይህ ፍርድ ቤት በከተማው ውስጥ በርካታ ምድብ ችሎቶች አሉት፤ ልደታ፣ አራዳ፣ ቦሌ እያለ ይቀጥላል። በይግባኝ የሄደ ጉዳይ ከሆነ ሌላ መዝገብ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይኖራል። ሰበር (መሠረታዊ የሕግ ስህተትን የሚያርመው የመጨረሻ ችሎት) ደርሶ ከሆነ ደግሞ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሌላ ሦስተኛ መዝገብ አለ።

ክርክር የሌለባቸው የማስረጃ ጥያቄዎች፣ ለምሳሌ የወራሽነት ማስረጃ ወይም የሞግዚትነት ማስረጃ፣ የሚታዩት በአዲስ አበባ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ይህ የከተማው ፍርድ ቤት ነው፣ ከፌዴራሉ የተለየ። ሁለቱም "መጀመሪያ ደረጃ" ስለሚባሉ ሰው ያምታታቸዋል። የእናታችሁን ወራሽነት ማስረጃ ፌዴራሉ ጋ ስትፈልጉ ብትውሉ "የለም" ነው የሚሏችሁ፤ አልዋሹም፣ እነሱ ጋ የለም።

በሸሪዓ የተፋታ ወይም ውርስ ያጣራ ሰው መዝገቡ ያለው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተቋቋሙ ሲሆን የራሳቸው መጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የራሳቸውም መዝገብ ቤት አላቸው።

በክልል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ዙሪያ ነዋሪዎች ልብ በሉ። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ስትኖሩ ተፋትታችሁ ከሆነ መዝገቡ ያለው በኦሮሚያ ፍርድ ቤት ነው፣ ውሳኔውም የተጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። ለሌላ ቦታ ስትፈልጉት ትርጉም ያስፈልጋችኋል፤ ጊዜያችሁን ስታሰሉ እሱንም ጨምሩ።

አሁን ደግሞ የቆዩ ጉዳዮች። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከመውጣቱ በፊት ፍቺ የሚታየው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ማለትም እናትና አባታችሁ በ1970ዎቹ ተፋትተው ከሆነ ውሳኔውን የሰጡት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ወረቀቱም ሽማግሌዎቹ የፈረሙበት ቃለ ጉባኤ ሊሆን ይችላል። ፍርድ ቤት መዝገብ የሚገኘው ጉዳዩ በይግባኝ፣ በማጽደቅ ወይም በንብረት ክርክር ወደዚያ ከሄደ ብቻ ነው። ስለዚህ ለቆየ ፍቺ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ "ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር ወይ?" ብላችሁ ነው። በሕይወት ያለ ሽማግሌ ካለ ሳይመሽ ሄዳችሁ ጠይቁት።

ፍርድ ቤቶቹም ስማቸውና አደረጃጀታቸው ተለዋውጧል። በንጉሡና በደርግ ዘመን "አውራጃ ፍርድ ቤት" የሚባል ነበር፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ክልል 14 ትባል ነበር፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የተቋቋሙት በአዋጅ ቁጥር 25/1988 ነው። አሮጌ ወረቀት ላይ ዛሬ የሌለ ፍርድ ቤት ስም ብታዩ አትደንግጡ። ያንን ስም እንዳለ ጽፋችሁ ያዙና "የዚህ ፍርድ ቤት መዝገቦች አሁን ወዴት ተዛወሩ?" ብላችሁ ሬጅስትራሩን (የፍርድ ቤቱን የመዝገብ ቤት ኃላፊ) ጠይቁ።

አንድ ትዳር፣ ብዙ መዝገብ

ይሄን ሳትረዱ መፈለግ አትጀምሩ። ፍቺው በአንድ መዝገብ ተወስኖ፣ የንብረት ክፍፍሉ በሌላ መዝገብ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ተከሳሽ አልፈጽም ካለ ደግሞ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል፤ እሱም የራሱ ቁጥር አለው። ቀለብ ይጨመርልኝ ተብሎ ከዓመታት በኋላ የተከፈተ መዝገብም ይኖራል።

ስለዚህ ምን እንደምትፈልጉ ለራሳችሁ ለዩ። ለቪዛና ለአዲስ ጋብቻ የሚያስፈልገው ጋብቻው መፍረሱን የሚናገረው ውሳኔ ነው። ለቤት ካርታ ስም ማዛወር የንብረት ክፍፍሉ ውሳኔ ነው፣ ብዙ ጊዜም የአፈጻጸም ትዕዛዙ። ለልጅ ፓስፖርትና ጉዞ ልጁን ማን እንዲያሳድግ እንደተወሰነ የሚገልጸው ክፍል ነው። ሰው የአፈጻጸም መዝገብ ቁጥር ይዞ ሄዶ የፍቺ ውሳኔ ሲጠይቅ፣ መዝገቡ ወጥቶ ሲታይ ስለ ፍቺ አንድ መስመር ብቻ ይገኝበታል። ያቺ አንድ መስመር ግን ወርቅ ናት፤ "በመ/ቁ ይህን ያህል በተሰጠው ውሳኔ መሠረት" የምትል ስለሆነች ዋናውን ቁጥር ትሰጣችኋለች።

ቁጥሩን የት ታገኙታላችሁ?

መጀመሪያ ቤት ውስጥ። ውሳኔው ባይኖርም መጥሪያ፣ የክስ ማመልከቻ ቅጂ፣ የቀጠሮ ወረቀት፣ የዳኝነት የተከፈለበት ደረሰኝ፣ የትኛውም ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። "መ/ቁ" ወይም "የመ/ቁ" ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው የምትፈልጉት። በአጠገቡ የችሎቱ ስም ካለ እሱንም ያዙ።

ቤት ከሌለ ጠበቃችሁን ጠይቁ። ጠበቆች የቆየ ፋይል ቶሎ አይጥሉም። የያዛችሁት ጠበቃ አሁን ባይሠራም ቢሮውን ማን እንደተካው ማጣራት ይቻላል።

ሰው የማያስበው ትልቁ ምንጭ ግን ሌላ ነው፤ ውሳኔው የት ቦታ ሥራ ላይ ውሎ ነበር? ቤት ተከፍሎ ከሆነ የይዞታና የካርታ ሥራ የሚሠራው የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ማኅደር ውስጥ የውሳኔው ቅጂ ተያይዞ ይገኛል። በወራሽነት ከባንክ ገንዘብ ወጥቶ ከሆነ ባንኩ ቅጂ ይዟል። ጡረታ ለሚስትና ለልጆች ተላልፎ ከሆነ የማኅበራዊ ዋስትናው ፋይል ውስጥ አለ። ከቀድሞ ባለቤታችሁ ደሞዝ ላይ ቀለብ ይቆረጥ ከነበረ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሀብት ወይም ፋይናንስ ክፍል የፍርድ ቤቱን ደብዳቤ በፋይል ይዞታል፣ ደብዳቤው ላይ ደግሞ መዝገብ ቁጥር አለ። ከነዚህ መሥሪያ ቤቶች የምትፈልጉት ሰነዱን ራሱን አይደለም። ቁጥሩን ብቻ ገልብጡና ውጡ።

የሲቪል ምዝገባም መሄጃ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ይመዘገባሉ፤ አገር አቀፍ ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ከዚያ ወዲህ ፍቺያችሁን አስመዝግባችሁ ከሆነ የተመዘገባችሁበት ወረዳ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አይቶ ነው የመዘገበው። ለአንዳንድ ጉዳይ የፍቺ የምስክር ወረቀቱ ብቻውን ይበቃችሁ ይሆናል፤ ጠያቂውን አካል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከበቃ የፍርድ ቤቱ ልፋት ሁሉ ቀረላችሁ ማለት ነው።

በመጨረሻ፣ የቀድሞ ባል ወይም ሚስት። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሌላኛው ወገንም የዚያው መዝገብ ባለጉዳይ ነው፣ ቅጂ ሊኖረው ይችላል። ራሳችሁ መደወል ካልቻላችሁ በመሃል ያለ ዘመድ "ቁጥሩን ብቻ" ብሎ ይጠይቅላችሁ። ብዙ ቂም ያለበት ሰው እንኳን ቁጥር አይከለክልም።

ቁጥር ከጠፋ፤ በስም ማስፈለግ

የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የመዝገብ አያያዛቸው በኮምፒውተር ስለሆነ በስም መፈለግ ይቻላል። ለቆዩት ግን በእጅ የተጻፈ የመዝገብ መቀበያ ደብተር ነው የሚገለበጠው። በሁለቱም መንገድ የሚሳካው ትክክለኛ መረጃ ከሰጣችሁ ነው። ሦስት ነገር አዘጋጁ።

ስም፤ የሁለቱንም ወገን ስም ከነአባትና ከነአያት። የፊደል ነገር እዚህ ላይ ያስቸግራል። "ኃይሉ" ብላችሁ ስታስፈልጉ ጸሐፊው "ሀይሉ" ብሎ ከመዘገበው አይመጣም። "ፀሐይ"፣ "ጸሐይ" እና "ፀሀይ" ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት። "ዓለሙ" እና "አለሙ"፣ "ሠናይት" እና "ሰናይት"፣ "ወልደ ማርያም" ተለያይቶ እና "ወልደማርያም" ተያይዞም እንደዚያው። በስማችሁ ውስጥ ሀ፣ ሰ፣ አ ወይም ጸ ካለ ሊጻፍ የሚችልባቸውን መንገዶች ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ዘርዝራችሁ ለሠራተኛው ስጡት። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን "የለም" ተብሎ የተመለሰ ብዙ መዝገብ የሚገኘው እንዲህ ነው። ደግሞም መዝገቡ የተከፈተው በከሳሽ ወይም በአመልካች ስም ስለሆነ መጀመሪያ ከሳሽ የነበረውን ስም አስፈልጉ። በስምምነት የተፋታችሁ ከሆነ የሁለታችሁም ስም ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሄዳችሁ የባላችሁን ስም የያዛችሁ እህቶች ደግሞ በፓስፖርታችሁ ስም አታስፈልጉ፤ መዝገቡ ላይ ያላችሁት በአባታችሁና በአያታችሁ ስም ነው።

ዓመት፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር። ከውጭ የመጣ ሰው "በ2012 ነው የተፋታሁት" ሲል የፈረንጁን ማለቱ ከሆነ ትክክለኛው ዓመት 2004 ወይም 2005 ነው። ፈላጊው ከሰባት ዓመት በኋላ ያለውን ደብተር ሲያገላብጥ ይውላል። ዓመቱን በትክክል ካላወቃችሁ በሌላ ነገር አስታውሱ፤ ልጁ ስንተኛ ክፍል ነበር፣ ከየትኛው ቤት ወጥታችሁ ነበር፣ ከሚሌኒየሙ በፊት ነው በኋላ።

ቦታ፤ በዚያ ጊዜ የትኛው ክፍለ ከተማ ትኖሩ ነበር? ምድብ ችሎቱን ለመገመት ይረዳል። አንዱ ምድብ ችሎት "የለም" ቢል ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። ችሎቶች ሲዋቀሩና ሲዛወሩ መዝገቦችም አብረው ይሄዳሉና "ከዚህ ወደ ሌላ ምድብ የተዛወረ አለ ወይ?" ብላችሁ ሳትጠይቁ ከመስኮቱ አትነሱ።

መዝገቡን ማየት የሚችለው ማን ነው?

ሕገ መንግሥቱ ፍርድ በግልጽ ችሎት እንዲታይ ይላል። የሰውን የግል ሕይወትም ይጠብቃል። የቤተሰብ መዝገብ ውስጥ የሰው ገመና፣ የሕፃናት ስም፣ የሕክምና ማስረጃ አለ። ስለዚህ የጎረቤትን ፍቺ ልይ ብሎ ለሚመጣ ሰው አይወጣም፣ መውጣትም የለበትም።

ባለጉዳዩ ራሱ መታወቂያ ይዞ ይጠይቃል። ወኪል ከሆነ የውክልና ሥልጣን ማስረጃ ያስፈልገዋል። ባለጉዳዩ ሞቶ ከሆነ ወራሾቹ የወራሽነት ማስረጃቸውን ይዘው ይቀርባሉ። ከዚህ ውጭ ያለ ሰው፣ ለምሳሌ የተከራካሪዎቹን ቤት የገዛና የክፍፍሉን ውሳኔ የሚፈልግ፣ ጥቅሙን ገልጾ ፍርድ ቤቱን በጽሑፍ መጠየቅና ፈቃድ ማግኘት አለበት።

ማመልከቻው

አጭር ይሁን። ሕይወታችሁን አትተርኩ። መዝገብ ቤት ያለው ሰው የሚፈልገው ቁጥሩን፣ ስሙን፣ ምን እንደምትፈልጉና ለምን እንደሆነ ነው። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፤

ቀን፦ …
ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት … ምድብ ችሎት
የመዝገብ ቁጥር፦ …
አመልካች፦ እከሊት እከሌ (አድራሻ፦ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ)
ተጠሪ፦ እከሌ እከሌ
ጉዳዩ፦ የተዘጋ መዝገብ ወጥቶ የውሳኔ ግልባጭ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ
ከላይ በተጠቀሰው መዝገብ በቀን … በተጠሪና በእኔ መካከል የነበረው ጋብቻ በፍቺ እንዲፈርስ ተወስኗል። የውሳኔው ግልባጭ ለ… ስለሚያስፈልገኝ መዝገቡ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ በማኅተም የተረጋገጠ የውሳኔ ግልባጭ በ… ቅጂ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።
ስምና ፊርማ

ቁጥሩን የማታውቁ ከሆነ "የመዝገብ ቁጥር" በሚለው ቦታ "ያልታወቀ፤ በስም እንዲፈለግልኝ" ብላችሁ፣ ዓመቱንና ከላይ ያልኳችሁን የስም ዝርዝር አያይዙ። ራሳችሁ መጻፍ ከከበዳችሁ በፍርድ ቤቶች አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ ግን የጻፉትን አስነብቡ፣ ስማችሁ በትክክል መጻፉን እዩ። ይዛችሁ የምትሄዱት መታወቂያ ዋናውና ፎቶ ኮፒው፣ ማመልከቻው በሁለት ቅጂ፣ ውክልና ካለ ዋናውና ኮፒው ነው። ሁለተኛውን የማመልከቻ ቅጂ ገቢ ብለው እንዲፈርሙበትና ቀን እንዲጽፉበት አድርጉ። "ማመልከቻ አላስገባችሁም" የሚል ነገር ቢነሳ እሱ ነው መከላከያችሁ።

ብዙ ቅጂ ጠይቁ። ሁለት ያስፈልገኛል ካላችሁ አራት አውጡ። ግልባጭ የሚከፈልበት በገጽ ነው፣ ያን ያህል ኪስ አይጎዳም፤ ደግሞ ተመልሶ መሰለፍ ግን ይጎዳል። ክፍያው ሕጋዊ ደረሰኝ አለው። በር ላይ "እኔ በአንድ ቀን አወጣልሃለሁ" የሚል ሰው ቢመጣ ዝም ብላችሁ እለፉ። ጊዜ አጠረኝ ብሎ ለደላላ ከፍሎ ፎርጅድ ወረቀት ይዞ ኤምባሲ የሄደ ሰው የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም። ኤምባሲው ሰነዱን ያጣራል፣ ሐሰተኛ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ እውነተኛ ፍቺ የነበረው ሰው እንኳን በማጭበርበር ይጠረጠራል።

ስለ ጊዜም አስቡ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በነሐሴና በመስከረም እረፍት ላይ ናቸው፣ የሚሠሩት ተረኛ ችሎቶች ናቸው። ዲያስፖራው ደግሞ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ነው የሚመጣው። ፈቃዳችሁ ከዚያ ጋር ከገጠመ አስቀድማችሁ ወኪል አሲዙ፣ ወይም ጉዟችሁን ወደ ጥቅምት ግፉት።

መዝገቡ ሲወጣ ምን ታያላችሁ?

መዝገቡ በእጃችሁ ከገባ ወይም ግልባጩ ሲሰጣችሁ መስኮቱ ጋ ቆማችሁ አንብቡት። አትፈሩ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ይታገሣል።

የውሳኔው የመጀመሪያ ገጽ ላይ መዝገብ ቁጥሩና ቀኑ፣ ከዚያ የዳኛው ስም፣ ከዚያ አመልካችና ተጠሪ ከነ"ቀርበዋል" ወይም "አልቀረቡም"፣ ቀጥሎ "መዝገቡ ተመርምሮ የሚከተለው ፍርድ ተሰጥቷል" የሚል መስመር አለ። መሃሉ ክርክሩ ነው። እናንተ የምትፈልጉት መጨረሻ ላይ "ውሳኔ" ወይም "ትዕዛዝ" በሚል ርዕስ በቁጥር የተዘረዘረው ነው። ጋብቻው በፍቺ መፍረሱን በግልጽ የሚናገር ዓረፍተ ነገር እዚያ መኖር አለበት። "መዝገቡ ተዘግቷል፣ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ" የሚለው ከታች ይመጣል። ግልባጭ ላይ በዳኛው ፊርማ ቦታ "የማይነበብ የዳኛ ፊርማ አለበት" ተብሎ ተጽፎ ብታዩ ጉድለት አይደለም፤ ፊርማው ያለው ዋናው መዝገብ ላይ ስለሆነ ገልባጩ ያየውን ጽፎ ነው።

ጉድለት የሚሆነው ይሄ ነው፤ ክብ ማኅተም ከሌለ፣ ያረጋገጠው ሠራተኛ ፊርማና ቲተር (ስሙና ኃላፊነቱ ያለበት ማኅተም) ከሌለ፣ ማኅተሙ በመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ሆኖ ሌሎቹ ገጾች ባዶ ከሆኑ፣ ወይም ስማችሁ አንድ ፊደል ከተሳሳተ። የስም ስህተት ግልባጩ ላይ ብቻ ከሆነ እዚያው ይታረማል። ዋናው ውሳኔ ላይ ከሆነ ግን ችሎቱ እንዲያርመው በማመልከቻ መጠየቅ አለበት፤ ዛሬ ካልተደረገ ነገ ቪዛ ቢሮ ላይ "ይሄ ሌላ ሰው ነው" ይባላል።

አንዳንድ ጠያቂ አካል ደግሞ ውሳኔው የመጨረሻ መሆኑን ማወቅ ይፈልጋል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የይግባኝ ጊዜ 60 ቀን ነው። ያ ጊዜ ካለፈ ይግባኝ አለመጠየቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ከይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላላችሁ። ሳትጠየቁ አታውጡት፤ ከተጠየቃችሁ ግን "ለሚመለከተው ሁሉ" ተብሎ እንዲጻፍ አድርጉ፣ ሌላም ቦታ ይሠራል።

ውጭ አገር ላላችሁ

በአካል መምጣት ካልቻላችሁ ባላችሁበት አገር ካለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ስጡ። ውክልናው አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይረጋገጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወኪሉ ፍርድ ቤት የሚሄደው። ጽሑፉ ላይ "ንብረቴን እንዲያስተዳድር" ብቻ ብሎ የሚያልፍ ውክልና አይበቃም። "በማንኛውም ደረጃ ባለ ፍርድ ቤት መዝገብ እንዲያስፈልግ፣ እንዲያይ፣ የውሳኔ ግልባጭ እንዲያወጣና እንዲረከብ" የሚል ይግባበት። ከባሕረ ሰላጤ አገሮች በአጭር ፈቃድ የምትመጡ እህቶች በተለይ ይሄን ቀድማችሁ ጨርሱት፤ ሦስት ሳምንት ለሁሉም አይበቃም።

ግልባጩ ከወጣ በኋላ ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ይተረጎማል፣ ይረጋገጣል፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ያርፍበታል፤ ተቀባዩ አገር ኤምባሲ ተጨማሪ የሚጠይቀው ካለ እሱም። ለአሜሪካ የጋብቻ ቪዛ የቀደሙ ጋብቻዎች ሁሉ መፍረሳቸውን የሚያሳይ ሰነድ ግዴታ ስለሆነ የሁለታችሁንም የቀድሞ ፍቺ አውጡ፣ የአንዳችሁን ብቻ አይደለም።

ተቃራኒውም ይገጥማል። አሜሪካ ተፋትታችሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ቤት የምትካፈሉ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሜሪላንድ ብትሆኑ ውሳኔው የሚገኘው ፍቺው ከተወሰነበት ካውንቲ ሰርኪዩት ኮርት ጸሐፊ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ማኅተም ያለበትን የተረጋገጠ ቅጂ ጠይቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲፈጸም ደግሞ ጥያቄው የሚቀርበው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ይሄኛው ጠበቃ ይፈልጋል።

በጉዲፈቻ የሄዱ ልጆችም አድገው መዝገባቸውን እየፈለጉ ነው። ለእነዚህ በተቻለ መጠን እጃችንን እንዘርጋ። ለውጭ አገር ዜጎች የሚሰጥ ጉዲፈቻ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ከመቆሙ በፊት የጉዲፈቻ ውሉን ሲያጸድቅ የነበረው ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፣ ብዙውም በልደታ። ብዙ ልጆች ግን ሁለተኛ መዝገብ አላቸው፤ ከአዲስ አበባ በፊት በተወለዱበት አካባቢ ፍርድ ቤት ወላጅ አልባ መሆናቸው ወይም መተዋቸው የተረጋገጠበት። የወላጅ ስም፣ የምስክር ቃል፣ የቀበሌ ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ በሁለተኛው ነው። አሳዳጊ ወላጆች በእጃቸው ያለው የአማርኛ ውሳኔ ውስጥ የዚያ ፍርድ ቤት ስምና ቁጥር ይጠቀሳልና የእንግሊዝኛውን ትርጉም ብቻ ሳይሆን የአማርኛውን ዋና ቅጂ ይፈልጉ። ፍርድ ቤቱ ለውጭ ዜጎች ጉዲፈቻ ሲያጸድቅ የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተለውን መሥሪያ ቤት አስተያየት ይጠይቅ ስለነበር፣ ዛሬ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር በሚባለው መሥሪያ ቤትም መጠየቅ ይገባል።

"የለም" ከተባላችሁ

የቃል መልስ ተቀብላችሁ አትመለሱ። "የለም" ብዙ ትርጉም አለው፤ ቁጥሩ ተሳስቷል፣ መዝገቡ ወደ ሌላ ምድብ ሄዷል፣ በይግባኝ ምክንያት ወደ በላይ ፍርድ ቤት ተልኮ አልተመለሰም፣ ወይም በእርግጥ ጠፍቷል። የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽላችሁ ለሬጅስትራሩ አመልክቱ።

ይግባኝ ነበረ ከተባለ የበላይ ፍርድ ቤቱን ውሳኔ አውጡ። እዚያ ውሳኔ ውስጥ የሥር ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቁጥርና የውሳኔው ፍሬ ነገር ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ለጠያቂው አካል ይሄው ራሱ ይበቃል።

በእርግጥ ጠፍቶ ከሆነ ያላችሁን ሁሉ፣ ማለትም ፎቶ ኮፒ፣ መጥሪያ፣ በክፍለ ከተማው ማኅደር ያለውን ቅጂ፣ የሌላኛው ወገን ቅጂ፣ አሰባስባችሁ መዝገቡ እንደገና እንዲደራጅ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ጠይቁ። መዝገቡ አለመገኘቱን የሚገልጸውን የሬጅስትራሩን ደብዳቤም አያይዙ። ያው ደብዳቤ ለኤምባሲም ሆነ ለሌላ ጠያቂ "ፈልጌ አጥቻለሁ" የምትሉበት ማስረጃ ስለሆነ ዋናውን አትስጡ፤ ኮፒውን ስጡና ዋናውን አስቀሩ።